ሦስት መኪና አይተሃል፤ አራተኛዋ በርህ ላይ ቆማለች

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ፤ አሁን ቢሮ ነው የምሠራው። ባለፈው መስከረም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰሚት ፖይንት ወደሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ወስዶ ትራክ ዴይ፣ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ሜዳው ላይ የሚነዳበትን ቀን፣ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። 22,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ሜዳ ላይ የምነዳት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ወጣ የምልባት ያገለገለች የስፖርት መኪና እፈልጋለሁ። ሦስት አይቻለሁ፦ የ2003 ቢኤምደብሊው ኤም 3፣ 118,000 ማይል የሄደች፣ በ21,000፤ የ2003 ፖርሽ ቦክስተር ኤስ በ14,000፤ የ2010 ማዝዳ ሚያታ በ11,500። ልቤ ኤም 3ዋ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ጋራዥ አለው፣ እሱ ይፈትሽልኛል። ወደፊት አገር ቤት ስመለስ ይዣት ብገባ ደስ ይለኛል። የዘወትር መኪናዬ የ2016 ሆንዳ አኮርድ ናት። ባለቤቴ ገና አልሰማችም፤ ገዝቼ በር ላይ ባቆማትስ ብዬ አስባለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስፈልግ የነበረው አንድ መስመር ነው፤ «ሜዳ ላይ ነድቼ አውቃለሁ» የሚል። የለም። አይተሃል እንጂ አልነዳህም። እንግዲያው ከሦስቱ አንዷንም ገና አትግዛ። መጀመሪያ በአኮርድህ ሂድ።

እንደማይዋጥልህ አውቃለሁ። ሰው የስፖርት መኪና እየተመኘ ልጆች የምታመላልስበትን ይዘህ ግባ ሲባል ደስ አይለውም። ግን ጀማሪዎች ምድብ ውስጥ ሲቪክም ካምሪም አኮርድም ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይፈቀዱት ከፍ ያሉት፣ ለመገልበጥ የሚቀርቡት ናቸው። ባለአራት ሲሊንደሯ የ2016 አኮርድ 185 የፈረስ ጉልበት አላት። ያየሃት ሚያታ 167። (አሁን ተመልሰህ ማስታወቂያውን እንደምታየው አውቃለሁ።) የፍሬን ዘይቱን ታስቀይራለህ፤ የፍሬን ሸራው ከግማሽ በላይ መቅረቱን፣ ጎማው አለመበላቱን፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩን ታያለህ። የወለል ምንጣፉንና የልጆቹን መቀመጫ ቤት ትተህ ትሄድና አንድ ቀን ትውላለህ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዙር ይከፈላል፤ አንዱ ዙር 20 ወይም 25 ደቂቃ ነው። አስተማሪ ጎንህ ይቀመጣል። ማለፍ የሚቻለው በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች፣ ያውም የፊተኛው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ሲልህ ብቻ ነው። ውድድር አይደለም፣ አንደኛ የሚወጣም የለም። ማታ ስትመለስ ወይ ወጥቶልሃል፣ ወይ ብሶብሃል። ከወጣልህ 22,000 ዶላሩ ኪስህ ውስጥ ነው።

ታክሲ መንዳትህን እንደ ዋስትና የጠቀስከው መሰለኝ። እኔም ነድቻለሁ፤ ግማሹ ይጠቅምሃል። ታክሲ ነጂ ጆሮ አለው። ኩሽኔታ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሸራ ሲያልቅ፣ ከተሳፋሪ ጋር ወሬ ይዞም ቢሆን ይለያል። ሜዳ ላይ ይህ ወርቅ ነው። ዓይናችን ግን ተበላሽቷል። ዲሲ ውስጥ ዓይናችን ከኮፈኑ ፊት አሥር ሜትር ላይ ነው፤ እጁን የሚያነሳ ሰው፣ በድንገት የሚከፈት በር፣ ቀይ መብራት የሚጥስ ብስክሌት እንፈልጋለን። ቀኝ እግራችንም ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ መነካካት ለምዷል። ሜዳ ላይ ዓይንህ ገና ያልደረስክበት የኩርባ መውጫ ላይ ነው መሆን ያለበት። ፍሬን የምትይዘው መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ አንዴ፣ አጥብቀህ ነው፤ የምትለቀው ደግሞ ቀስ ብለህ። ኩርባ ውስጥ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጅ ድንገት ብታነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘነበላል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ መኪናዋ ዞራ የመጣህበትን መንገድ ታሳይሃለች። ይህን ለመማር 333 የፈረስ ጉልበት አያስፈልግህም፤ እንዲያውም ያዘገይሃል። ጉልበት ያላት መኪና ኩርባው ላይ ያጠፋኸውን ቀጥታው ላይ ታካክስልሃለች፤ አንተም ማጥፋትህን ሳታውቅ ቀኑ ይመሻል።

ወደ ኤም 3ዋ እንምጣ፣ ልብህ ያለው እዚያ ነውና። ክፉ መኪና አይደለችም። ባለ 3.2 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ ሲደርስ የሚያሰማው ድምፅ እኔንም ሽማግሌውን ያስቆመኛል። ግን ዕድሜዋ ከ20 ዓመት አልፏል፣ የታወቁ ሦስት በሽታዎችም አሏት። የኋላውን እግር የሚሸከመው ፍሬም ከወለሉ ጋር የሚታሰርበት ብረት ይሰነጠቃል፤ ጥገናው የኋላውን ሁሉ አውርዶ መበየድና በብረት ማጠናከር ነው። ቢየላዎቹ ክራንኩ ላይ የሚቀመጡባቸው የሞተር ውስጥ ኩሽኔታዎች ያልቃሉ፤ ቢኤምደብሊው ራሱ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩትን ጠርቶ ቀይሯል። ቫኖስ የሚባለው የቫልቭ ሰዓት ማስተካከያም የራሱ ጣጣ አለው። ሦስቱም እንደተሠሩ ደረሰኝ ያላት ኤም 3 ትገኛለች፤ ግን በ21,000 ከገዛሃት እጅህ ላይ የሚቀረው 1,000 ዶላር ነው። እሷም 1,000 ዶላር ምን እንደሆነ አታውቅም።

ከበሽታው በላይ የምፈራልህ ክብደቷን ነው። ወደ 1,550 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሚያታዋ ወደ 1,130። ፍሬን ማለት ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሙቀቱ በክብደቱ ልክ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን በዚያ ልክ አይቆምም። ከ120 ማይል ለማቆም የሚወጣው ሙቀት ከ60 ለማቆም ከሚወጣው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከባድና ፈጣን መኪና ሸራ፣ ዲስክና ጎማ የምትበላው በሁለት አፍ ነው። ትራክ ዴይ የጀመረ ሰው ገንዘቡ የሚያልቀው መኪናው ላይ ይመስለዋል፤ የሚያልቀው ግን እነዚህ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት ተናድጄ ነው። የሰሚት ፖይንት ዋናው ሜዳ 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አንደኛው ኩርባ ይጠብቅሃል፤ ፍሬን ከሁሉ በላይ የሚሠራው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛ ዙሬ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ሄደ። ምንም የለም። ደግሜ ስረግጥ ትንሽ ያዘ፣ በሦስተኛው ቆመ፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሣሩ ላይ ነበርኩ። አስተማሪዬ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «የፍሬን ዘይትህን መቼ ነው የቀየርከው?» አለኝ። ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። በዚያው ሳምንት ልቀይረው አስቤ፣ ጊዜ አጥሮኝ፣ ለሚቀጥለው ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ አንተ የምትረግጠው ፍሬን ሳይሆን አየር ይሆናል። ለሜዳ ተብለው የሚሠሩ አሉ፤ ሞቱል አር ቢ ኤፍ 600 አዲሱ 312 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ዋጋው የአንድ ቤተሰብ ክትፎ አይሞላም።

ቦክስተሯን በሁለት ልብ ነው የማያት። ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ፣ መሀል ላይ ስለተቀመጠ አቅጣጫ ስትለውጥ እንደ እሷ የሚመች ጥቂት ነው፤ በ14,000 ይህን የሚሰጥህ ሌላ ነገር አላውቅም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሞተር ውስጥ፣ ከክራንኩ ኃይል ተቀብላ የቫልቮቹን ዘንጎች የምታዞር አንዲት መካከለኛ ዘንግ አለች፤ የእሷ ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩ አለቀ። በዚህ ጉዳይ ባለቤቶች አሜሪካ ውስጥ ክስ መሥርተው በስምምነት ተዘግቷል። ፖርሽ ዘንጓን ጨርሶ ያስወገዳት በ2009 ሞዴል በመጣው አዲስ ሞተር ነው። የ2003ዋን ከወደድካት ጥያቄህ አንድ ነው፦ ኩሽኔታው ተቀይሯል ወይ? ደረሰኙስ የት አለ? ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ብልህ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይረዋል። ደረሰኝ ከሌለ ወጪውን ከዋጋው ቀንስ፤ ሻጩ ካልቀነሰ ሂድ። ደግሞም ሞተሩን ከሚችለው በላይ አሽከርክሮት የነበረ ሰው ካለ የፖርሽ ኮምፒዩተር መዝግቦ ይይዛል። ይነበብልህ።

እንግዲህ ሚያታዋ ቀረች። ወንዶች የሚስቁባት መኪና ናት፤ የሚስቁት ኩርባ ላይ እስክታልፋቸው ነው። የ2010ሯ የሦስተኛው ትውልድ ናት፤ ይህ ትውልድ ከ2006 እስከ 2015 ተሠርቷል፣ በ2009 ሲታደስም ሞተሩ ውስጡ ተጠናክሯል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ሰፋ ትላለች፣ ሰዎች ግን እንደነሱ ስለማይናፍቋት ዋጋዋ ይረክሳል። እሱ ለአንተ በረከት ነው። ጎማዋ ትንሽ፣ ሸራዋ ርካሽ፣ ዕቃዋ የትም የሚገኝ፣ ክብደቷም ለራሷ ፍሬን የሚራራ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ጣሪያዋ የሚከፈት ስለሆነ አብዛኞቹ አዘጋጆች ከወንበሩ ኋላ የብረት ቅስት ካልታሰረባት አያስገቧትም። ቅስቱ ቢኖርም ፈተና አለ፦ ሄልሜት አድርገህ ትቀመጣለህ፣ ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ጫፍ ቀጥ ያለ እንጨት ያጋድማሉ፤ ራስህ እንጨቱን ከነካ ትመለሳለህ። በ12,000 ዶላር መኪና ገዝቶ በመጥረጊያ እንጨት የተመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ ቁመቱ ረዥም ነበር፣ ወንድማችንም ነበር፣ አልሳቅኩበትም። ስለዚህ ሄልሜቱን ከመኪናዋ በፊት ግዛ፤ መኪና ልታይ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ፣ አድርገህ ተቀመጥባት። ሲገዛ ውስጡ «ኤስኤ 2020» ወይም «ኤስኤ 2025» የሚል ምልክት ይኑረው። የሞተር ብስክሌቱ «ኤም» የተባለው ነው፤ እሳት መቋቋሙ አይፈተንም፣ ብዙ ቦታም አይቀበሉትም። ቦክስተሯ ፋብሪካው ያስቀመጠላት ሁለት ትንንሽ ቅስቶች አሏት፤ አንዳንዱ አዘጋጅ ይቀበላቸዋል፣ አንዳንዱ አይቀበልም፣ በጽሑፍ ጠይቅ።

ገንዘቡን እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምከፍለው። ለመኪናዋ ከ12,000 አላልፍም። ቅስቱን፣ ሄልሜቱን፣ የሜዳ ሸራና የፍሬን ዘይቱን፣ አራቱንም ጎማ ከ3,000 እስከ 4,000 ውስጥ እጨርሳለሁ። መመዝገቢያው እንደ ቦታውና እንደ አዘጋጁ ለአንድ ቀን ከ300 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ነው፤ አምስት ጊዜ ከሄድክ አስላው። የተረፈው አይነካም። እሱ የሞተሯ ነው፣ ወይም ግድግዳ ለምትመታበት ቀን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ ታክስ ይከፈላል፤ ርካሽ መኪና እዚያም ታተርፍሃለች።

ግድግዳ ካልኩ አይቀር ኢንሹራንስ። ውልህን አውጣና አንብብ፤ አብዛኛው የዘወትር ኢንሹራንስ ለፍጥነት በተሠራ ሜዳ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም፣ ውድድር ባይሆንም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ የትራክ ዴይ ኢንሹራንስ አለ፤ ክፍያው በመኪናዋ ዋጋ ይሰላል። ካልገዛኸው መኪናዋን እዚያው ጥለህ በሌላ ሰው መኪና ወደ ቤት መመለስ ትችላለህ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። በ11,500ዋ ምናልባት ትችላለህ፣ አንድ ሳምንት ትታመማለህ። በ21,000ዋ ግን የልጆችህ ገንዘብ ነው።

ስለ አክስትህ ልጅ ሳልደብቅ ልንገርህ። ጎበዝ መካኒክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላውቀውም። ግን ዘመድ ለዘመድ ሲፈትሽ ወይ ደስታህን ላለማጥፋት ይለሳለሳል፣ ወይ ነገ እንዳትወቅሰው ሁሉንም ያስፈራሃል። ያንን ዓይነት መኪና ዘወትር ለሚሠራ፣ ሻጩንም አንተንም ለማያውቅ ጋራዥ ክፈል፤ ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ነው። የአክስትህን ልጅ ይዘኸው ሂድ፣ ሊፍቱ ላይ ስትወጣ አብሮ ይይ። የሲሊንደሮቹን እመቃ አስለካ። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው የሚረጭበት አገር ስለሆነ ከሥር በሮቹ ግርጌ ዝገት ፈልግ። ሚያታ ላይ የጣሪያው ውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠል ይደፈናሉ፤ ምንጣፉን ጫን በለው፣ እርጥብ ከሆነ ውኃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ንዳት፤ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ከተንኳኳች ካምቢዮው ደክሟል። ሻጩ «ሜዳ ላይ ነድቻታለሁ» ካለህ አትሽሽ። ዘይት የቀየረበትን ቀን በደብተር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። እኔ የምሸሸው «እሑድ ብቻ ነው የምትወጣው» ከሚለው ነው፤ ደረሰኝ የለውም፣ የጎማው ጠርዝ ግን ተበልቷል፣ ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል፣ በሩ ላይ የቁጥር ማጣበቂያው ፈለግ ይታያል።

አገር ቤት ይዣት ልግባ ያልከውን ተወው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ቢፈቀድም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌላት መኪና ከጉልበቷ አንድ አምስተኛውን ያህል እዚያው ታጣለች። የቀረው ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ነው፤ ሚያታ ከመሬት ያላትን ከፍታ አይተሃል።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ «ገዝቼ በር ላይ ባቆማትስ» ያልከውን ባላነበው ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና ሁለት ልጅ ባለው ቤት በር ላይ በድንገት ስትቆም የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ አንተ የፈለግኸው እሱ አይደለም። ዛሬ ንገራት። ሂሳቡንም አሳያት፣ «የተረፈው አይነካም» ያልኩትን መስመር ጭምር። ፈቃድ ጠይቃት እያልኩህ አይደለም፤ አደጋው የእሷም ስለሆነ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስህም ስለ ሜዳ ምን እንደሚል አብራችሁ እዩ። በአኮርድ የምትሄድበት ቀን ይዘሃት ብትሄድ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሄልሜት ለብሰህ በልጆቹ መኪና ስትሮጥ ማየት ራሱ ያስቃታል። ሚያታዋ የመጣች እንደሆነ ጥቅምት ላይ ልጆቹን እህቷ ዘንድ ትታችሁ ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ መንገድ ውጡ። 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው፣ ጣሪያው ይከፈታል። ለኤም 3 ስድብ ነው፤ ለሚያታ ግን ልክ ነው።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ለፀደይ የጀማሪዎች ቀን ተመዝገብ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ከመሄድህ በፊት ባለው ሳምንት የአኮርዷን የፍሬን ዘይት አስቀይርና ቀኑ የተጻፈበትን ደረሰኝ ያዝ፤ ጠዋት በር ላይ የፍተሻ ወረቀቱን ሲያዩ ይጠይቁሃል። በመጨረሻው ዙርህ ማብቂያ ላይ ፍሬን ሳትነካ ሜዳውን አንድ ጊዜ ቀስ ብለህ ዞረህ አቀዝቅዛት። ስታቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ ተዋት፣ አውቶማቲክ ከሆነች «ፒ» ላይ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት አድርግ። ከዚያ ጻፍልኝ።